የጣና ዳሩ የት ነው?

ባለፈው ግንቦት አንድ ጓደኛዬን አጅቤ ጎርጎራ ወረድኩ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ አሥር ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጣና ዳር ቁራሽ ቦታ ፈልጎ ዓሣ ጠብሶ መሸጥ። ቀስ እያለም አራት አምስት ክፍል ሠርቶ እንግዳ ማሳደር። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርገን ስንደርስ ረፍዷል። ቦታውን አየነው። ከፊቱ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ አለ። ከጭቃው ማዶ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ ውሃ። ጓደኛዬ ወዲያው በእርምጃ መለካት ጀመረ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«አባባ፣ ባሕሩ እስከ የት ድረስ ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቃቸው።

ቀና ብለው አዩት። «የቱን ነው የምትለኝ ልጄ? የመስከረሙን ባሕር ነው የግንቦቱን?»

ጓደኛዬ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩ ቀልድ አይደለማ።

ጣና ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ግን አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ያለን አንድ ጂ ፕላስ ፋይቭ ሕንፃ አንሥተን መሐሉ ላይ ብናስቀምጠው ጣሪያው ከውሃው በላይ ይታያል። ድስት ሳይሆን ሰፌድ ነው ማለት ነው። ሰፌድ ላይ ትንሽ ውሃ ሲጨመር ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው።

የሐይቁ ከፍታ ክረምት ከበጋ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይለዋወጣል። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን እስቲ እናስላው። መሬቱ በየ100 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ማለት 300 ሜትር ርቀት ነው። ጎርጎራ ራሷ ኮረብታማ ስለሆነች ይሻላታል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳና ወደ መገጭ አፍ ሲኬድ ግን መሬቱ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ባሕሩ በመስከረም ይመጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ገበሬው ለዚህ መሬት ስም አለው፤ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ባሕሩ ሸሸ እንጂ ሞተ አላለም። ቃሉ ራሱ ነገ እንደሚመለስ ያውቃል።

ስለ ልማትና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ዳሩ ላይ ምን ይሠራ የሚለውን ነው። ሪዞርት ይሁን? ሩዝ ይሁን? ደን ይሁን? እኔ ግን ከዚያ በፊት የሽማግሌው ጥያቄ መመለስ አለበት ባይ ነኝ። ዳር ብለን የምናስበው በችካልና በገመድ የሚሰመር ነገር ነው። ውሃ ግን እንዲህ ያለ ዳር የለውም። የሚመጣበትና የሚመለስበት ሰፈር ነው ያለው። ይህን ያልተረዱ ስመ ጥር ቦታዎች በገዛ ገንዘባቸው ዳራቸውን አጥተዋል።

ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ጣና ላይ ብናስቀምጣት ከ300 አንድ እጅ አትሞላም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ሄዶባታል። ነጭ አሸዋዋ በዓለም የታወቀ ነው። ሆቴሉ ከአሸዋው ላይ ተተከለ። ከሆቴሉ ፊት ደግሞ መጠጥ ቤቱ ተተከለ። ፍሳሹ በቱቦ ወደ ባሕር ገባ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ደሴቷን የፍሳሽ ጉድጓድ ብለው ጠሯትና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2018 ለስድስት ወር ጥርቅም አድርገው አስዘጓት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቦራካይ ሕግ አጥታ አልነበረም። ከባሕሩ የሙላት ምልክት ጀምሮ ወደ መሬት 30 ሜትር ምንም እንዳይሠራበት የሚል ደንብ ቀድሞም ነበራት። የሚያስከብረው ነው የጠፋው። በተዘጋባቸው ወራት ያንን ደንብ የጣሱ ግንባታዎች መፍረስ ጀመሩ። የፍሳሽ መስመር ተመረመረ። ስትከፈት ደግሞ በአንድ ጊዜ ደሴቷ ላይ የሚኖረው ጎብኚ ከ19,215 እንዳይበልጥ ገደብ ተጣለ። በመሐሉ ሥራውን ያጣው አስተናጋጅ፣ ጀልባ ቀዛፊና ቤት ጠራጊ በሺዎች ይቆጠራል። ጥፋቱን የሠራው ባለ ሆቴሉ፣ ዕዳውን የከፈለው ትሪ ተሸካሚው።

ሌላው ነገር ያቺ «ከሙላት ምልክት ጀምሮ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰዎቹ የለኩት ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት ነው። ጓደኛዬ ግንቦት ላይ በእርምጃ ሲለካ የጀመረው ባሕሩ ከሸሸበት ነበር። 30 ሜትርም ይሁን 300፣ ከተሳሳተ ቦታ ከተጀመረ ከንቱ ነው።

ሃዋይ ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይለያል። እዚያ ሰዎች ውሃውን በግንብ ሊያቆሙት ሞከሩ። አሸዋማ ዳርቻ ከበስተኋላው የተከማቸ አሸዋ አለው። ማዕበሉ በክፉ ወቅት ይወስድለታል፣ በደግ ወቅት ይመልስለታል። ቁጠባ በሉት። ቤቱን ለማዳን ከፊት ግንብ ሲገነባ ያ ቁጠባ ከግንቡ ኋላ ተቆልፎ ይቀራል። ማዕበሉ ግንቡን ይመታና ሲመለስ ከፊት የተረፈውን አሸዋ ጠራርጎ ይሄዳል። ቤቱ ይተርፋል። ቤቱ የተሠራለት አሸዋ ግን የለም። ካዋይ፣ ኦዋሁና ማዊ በተባሉት ሦስት ደሴቶች በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አሸዋማ ዳርቻ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የጠፋውም በአብዛኛው ግንብ ከተሠራበት ፊት ለፊት ነው።

ታይላንድ ያለችው ማያ ቤይ የተባለች የባሕር ወሽመጥ ግን ደስ የምትል ታሪክ አላት። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍባት ነበር። የጀልባው መልሕቅ የባሕሩን ኮራል፣ ያንን ድንጋይ የሚመስል ሕያው ፍጡር፣ ሰባበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጓትና በ2022 መጀመሪያ ላይ ሲከፍቷት ጀልባ ከፊት እንዳይገባ ከለከሉ። ሰው ከኋላ በኩል ወርዶ በእግሩ ይገባል። በተዘጋችበት ጊዜ ሻርኮች ተመልሰው መጡ። ሻርክ መምጣቱ ደስ የሚለው ለማን ነው እንዳትሉኝ፤ እዚያ ለሚዋኘው ሳይሆን ለባሕሩ ጤና ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ጣና ጨው የለውም፣ ኮራል የለውም፣ ሻርክም የለውም። ስለዚህ የነሱን መፍትሔ ቀድቶ መለጠፍ አይሠራም። ግን እነሱ ማንግሮቭ የሚሉት፣ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ማዕበል የሚያበርድ ዛፍ አላቸው። የእኛ ማንግሮቭ ደንገል ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ደንገልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በታንኳ ነው። ጎርጎራ ወደቡ አጠገብ ያን ቀን አንድ ታንኳ ዐለት ተደግፎ ቆሞ ሲደርቅ አየሁ። ሥሩ በውሃ ጠቁሯል፣ አፍንጫው ገና ቢጫ ነው። ታንኳ ሲውል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ካልደረቀ ነገ አይንሳፈፍም። ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው የወራት ነው። ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ይህ የሚሆነው ደንገሉ ቅርብ ሲሆን ነው። ሽማግሌው እንደነገሩን ግን ዛሬ ደንገል ለማጨድ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። በልጅነታቸው ውሃውን ለማየት ደንገሉን በእጅ መግለጥ ነበረባቸው።

ደንገል ቆሞ ዝም ብሎ አይታይም፤ ይሠራል። ጎርፍ ይዞት የመጣውን ደለል ሥሩ ውስጥ ያስቀራል። ከእርሻ ታጥቦ የመጣውን ማዳበሪያ ይመገበዋል። የዓሣ ጫጩት ከትልልቁ ተደብቆ የሚያድገው እዚያው ውስጥ ነው። ወፉም ጎጆውን እዚያ ይሠራል። ነገደ ወይጦ የሚባለው የጣና ዳር ሕዝብ ደግሞ ከነሙሉ ኑሮው ከእሱ ጋር ነው የኖረው፤ ታንኳው፣ ቅርጫቱ፣ መተዳደሪያው። ደንገሉ ሲጠፋ ለብዙዎቻችን ዕይታ ነው የጠፋው። ለእነሱ ሙያቸው ነው የጠፋው።

ማን አጠፋው? እዚህ ላይ ጣት መቀሰር ይቀናናል። ሁሉም ወደ ገበሬው ይጠቁማል። እውነት ነው፣ ባሕር ሸሹን የሚያርሰው እሱ ነው። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል፣ ጓያ ይዘራል፣ በቆሎ ይተክላል። ዝናብ አይጠብቅም። መሬት ላልደረሰው የደምቢያ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ደንገሉን ሲነቅል ክፋት አስቦ አይደለም። ከመንቀል የሚያገኘው በዓይኑ ይታያል። ከመተው የሚያገኘውን ግን እስካሁን ማንም ቆጥሮ በእጁ አላስጨበጠውም።

ደግሞ ባሕሩ ሁሌ በራሱ ፈቃድ አይደለም የሚሸሸው። ጣና ከ40 በላይ ወንዝና ጅረት ይቀበላል፤ የሚወጣው ግን በተፈጥሮው በዓባይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሕር ዳር አጠገብ ጨረ ጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የመብራትም ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው ክፉኛ ወርዶ ጀልባዎች እንደልብ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ ውሃውን በሌላ አቅጣጫ በዋሻ ይወስዳል። መብራቱን እንፈልገዋለን፤ እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን ሐይቁ ሲወርድ የተገለጠው መሬት ታረሰ። አንዴ የታረሰ መሬት ደግሞ ባለቤት አለው። ውሃው ሲመለስ «ባሕሩ መሬቴን ወሰደብኝ» ይባላል። ማን የማንን ወሰደ?

ደንገሉ በሄደበት እምቦጭ የሚባለው ውሃ ላይ ተንሳፋፊ አረም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ መጀመሪያ የታየው በእኛው በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ በኩል ነው። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዘመቻው ትዝ ይለኛል። ተማሪው፣ ገበሬው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ሁሉ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ። ማሽንም መጣ። በሚቀጥለው ዓመት እምቦጩ እዚያው ነበር። ምክንያቱም የሚበላው ምግብ በየክረምቱ ይመጣለታል። የእህል ጎተራን ክፍት ትቶ አይጥ ማባረር ነው።

ምግቡ ከየት ይመጣል? ከማዳበሪያ፣ ከታጠበ አፈር፣ ከፍሳሽ። እንግዲህ ጎንደሬዎች፣ እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ።

በጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው ውሃ ከቀሃ ነው። ያን ቀን ቀሃ የተባረከ ነው። በማግስቱ ቀሃ ተራ ወንዝ ይሆናል። ቀሃ፣ ሽንታና አንገረብ ከከተማዋ ወጥተው ወደ መገጭ ይገባሉ። መገጭ ጣና ይገባል። እኛ ከጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ተቀምጠን ስለ ጣና ዳር የምንናገረው የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎን ነው። የጣና ዳር ግን እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ ከቤታችን ኋላ ባለችው ቦይ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በእኔ ሰፈር አንድ ትልቅ ሕንፃ ነበር። ስሙን ተዉት። ክረምት ሲገባ፣ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ማታ ማታ ጉድጓዱን ከፍቶ ወደ ወንዙ ይለቀው ነበር። ዝናቡ ሽታውንም ድምፁንም ይውጥለታል። የመጣጭ መኪና ወጪ ተረፈለት ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ አመለከትን፣ «ይታያል» ተባልን። ሦስተኛ አልሄድንም። ጎንደር ሁሉንም ቤት የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የላትም። ስለዚህ ጨዋው በጉድጓድ ያጠራቅማል፣ ብልጡ በዝናብ ይልካል። ፕላስቲኩ ደግሞ በራሱ ይሄዳል። ስስ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። የቀሃን ዳር ለተመለከተ ግን ፌስታሉ አዋጁን ገና አላነበበም።

የሚገርመው፣ ያንኑ ውሃ የምናቆሽሸው እኛ፣ ጀሪካን ደርድረን ውሃ የምንጠብቀውም እኛ ነን። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ የከተማዋን ጥም መቁረጥ ካቃተው ቆይቷል። ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየው የመገጭ ግድብ ተስፋችን ሆኗል። ግድቡ ሲያልቅ ደለል ያስቀራል፣ ጎንደርን ያጠጣል፣ ደምቢያን ያለማል። በዚያው ልክ ግን አንድ ነገር ይቆርጣል። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ባርበሶች አሉ። ከነሱ መሐል በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ወደ መገጭ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ። ዓሣው ተሰብስቦ ወደ ወንዝ የሚገባበት አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነፍሰ ጡርን ደጃፍ ላይ እንደ መጥለፍ ነው። የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ከገቡ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች ክፉኛ ተመናመኑ። ዛሬ ጎርጎራ ላይ ጠብሰው የሚያቀርቡልን በአብዛኛው ቀረሶ ነው። እሱ ወንዝ አይወጣም፣ እዚያው ዳሩ ላይ፣ ሣሩና ደንገሉ መሐል ይራባል። ዳሩ ከተነካ እንግዲህ የሱም ተራ ነው።

ሪዞርቱስ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። በገበታ ለሀገር ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ጎርጎራ ላይ ትልቅ ሪዞርት ተሠርቷል። የተቃወሙት አሉ፣ እጅ ያጨበጨቡለትም አሉ። እኔ መሠራቱን አልጠላሁትም። ጎርጎራ የሱስንዮስ መናገሻ የነበረች፣ ጎንደር በ1636 (እ.ኤ.አ.) ከመቆርቆሯ በፊት ግንብ ያየች አገር ናት። ለዘመናት ተረስታ ነው የኖረችው። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ስም፣ መሐንዲስና ተጠያቂ አለው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል፤ ፍሳሽህ የት ነው የሚገባው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መጠየቅም አለብን። «ኢኮ» የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ጉድጓዱ አይጸዳም።

የእኔ ፍርሃት ከሪዞርቱ ኋላ በሚመጣው ላይ ነው። መንገዱ ሲስተካከል፣ የመሬት ዋጋ ሲወጣ፣ እንደ ጓደኛዬ ያለው ሁሉ ቁራሽ ቦታ ይፈልጋል። አንዱ ቆርቆሮ ያቆማል። ጎረቤቱ ዕይታ እንዳይጋረድበት ሁለት እርምጃ ወደ ውሃው ይጠጋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ፊት። ቦራካይን የገደላት አንድ ትልቅ ሆቴል አይደለም፤ እርስ በርስ የሚቀዳደሙ መቶ ትንንሾች ናቸው። እያንዳንዳቸው ደግሞ «የኔ ብቻ ምን ይጎዳል» ብለው ነው የሠሩት። ልክ እንደኛ ሰፈር ባለ ሕንፃ።

ለጊዜው ያ ሩጫ አልተጀመረም። በአካባቢያችን ሰላሙ ከደፈረሰ ወዲህ ጎብኚው ሳስቷል፤ የጎንደር ሆቴሎችም ያውቁታል። ማንም ይህንን አልተመኘም። ግን ቦራካይ ደሴቷን ዘግታ የገዛችውን ጊዜ እኛ ሳንፈልገው አግኝተነዋል። ደንብ የሚወጣው ሰው ሳይሰለፍ ነው። ከተሰለፈ በኋላ የሚወጣ ደንብ ማፍረሻ ብቻ ነው የሚሆነው።

ደንቡ ከባዶ መጀመር አይጠበቅበትም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። አሠራሩ ሦስት ቀለበት ነው። እምብርቱ አይነካም፣ ዙሪያው በመጠኑ ይነካል፣ ውጪው ይለማበታል። ሐሳቡን ከውጭ የመጣ አድርገን እናየዋለን። በጣና ላይ ግን ከዩኔስኮ በፊት ለዘመናት የሠራ ነው። ወደ 37 ከሚጠጉት ደሴቶች ላይ ያሉትን ገዳማት አስቡ። መቅደሱ፣ ቅድስቱ፣ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ከዚያ ዐፀዱ። ዐፀዱ ውስጥ ዛፍ አይቆረጥም። አንዳንዶቹ ደሴቶች ጭራሽ ሴት አይገባባቸውም፤ ከብትም በልቅ አይሰማራባቸውም። መነኮሳቱ ስለ ብዝኃ ሕይወት ሴሚናር አልሰጡም። ቦታው የእግዚአብሔር ነው ብለው ገደብ አኖሩ፣ ገደቡንም ሰው አከበረው። ዛሬ ዙሪያውን ከታንኳ ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ የሚታየው ደብር ያለበት ብቻ ነው። ገደብ አክባሪ ሕዝብ የለንም የሚለኝን ሰው ወደዚያ ነው የምልከው። ፌስታልና ሃይላንድ ግን እዚያም ደርሷል፤ ተሳላሚው ይዞት ይሄዳል፣ ይዞት አይመለስም።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማደርገው ዳሩን በመስከረም መለካት ነው። ውሃው ሞልቶ የሚደርስበት ላይ ምልክት ይተከል። ከምልክቱ ወደ ውሃው ያለው የባሕሩ ነው። ከምልክቱ ወደ መሬት የተወሰነ ርቀት ደግሞ ደንገልና ሣር ብቻ። ሕንፃው ከዚያ ኋላ። ዕይታ ለሚፈልግ ጎርጎራ ኮረብታ አላት፤ ከላይ ሲያዩት ጣና ይበልጥ ያምራል። ሁለተኛው፣ ደንገል ዋጋ ያውጣ። ታንኳ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ለሎጁም ለጎብኚውም የሚሸጥ ነገር ነው። ባሕር ሸሽ የሚያርሰውን ወጣት ተነሥ ከማለት በፊት ደንገል ተክሎ ምን እንደሚያገኝ መንገር ይቀድማል። ያውም በወረቀት ሳይሆን በእጅ በሚቆጠር ብር። ከሪዞርቱና ከጀልባው ገቢ ትንሽ ተነሥቶ ለዚህ ቢውል ማንም አይደኸይም። ሦስተኛው የጎንደር ፍሳሽ ነው። ይኼኛው ውድ ነው፣ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ የሚነሡበትም አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ማንም የማያነሣው።

ጓደኛዬ በግንቦቱ ጉዞ ሽማግሌውን ተከትሎ ሄደ። እሳቸው በምርኩዛቸው አንድ ቦታ ጠቆሙት፤ ውሃው ካለበት ወደ 200 እርምጃ ይርቃል። «የደጉ ዓመት ባሕር እዚህ ነው የሚያድር» አሉት። እሱም ችካል መታ፣ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ፊቱ ላይ ያለውን ቅሬታ አየሁት። ከዚያ ኋላ ያለው ቦታ መንገዱ ላይ ነው።

ከመስቀል በኋላ ተመልሰን ወረድን። ጭቃው የለም፣ ሣሩም የለም፤ ሁሉም ውሃ ነው። ጓደኛዬ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቀለለ። ቀይዋን ጨርቅ ፍለጋ ገባ። ጥቂት እንደሄደ አገኛት። ውሃው ከችካሉ ሁለት እርምጃ አልፎ ነበር። ሽማግሌው እዚያው ዋርካቸው ሥር ናቸው። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ስበውታል።